ከተማይቱን አይቶ አለቀሰላት

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሆሳዕና ዕለት ዘንባባውን በጣታችን ቀለበት፣ በግንባራችን መስቀል አድርገን በደስታ እንዘምራለን፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን በዚያው ዕለት፣ ሕዝቡ እያመሰገነ ከደብረ ዘይት ቁልቁለት ሲወርድ፣ ጌታችን ከተማይቱን አይቶ እንዳለቀሰላት ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል (19፥41)። ስለ ዘንባባው ብዙ ሲሰበክ እሰማለሁ፤ ስለ እንባው ግን እምብዛም አልሰማም።

ጌታችን በዚያው ሳምንት ተይዞ እንደሚሰቀል ያውቅ ነበር፤ ለደቀ መዛሙርቱም አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ይሁን እንጂ ያለቀሰው ለራሱ ሳይሆን አሳልፋ ለምትሰጠው ከተማ ነው። «ለሰላምሽ የሚሆነውን በዚህ ቀን አንቺስ እንኳ ብታውቂ» አላት፤ ጠላቶቿ እንደሚከብቧትና ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይተዉላትም ተናገረ። ቃሉ የተፈጸመው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ70 ዓ.ም.፣ በጢጦስ የሚመራው የሮም ሠራዊት መቅደሱን ባቃጠለ ጊዜ ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት የትዕግሥት ዓመታት ነበሩ። ከሙታን የተነሣው ጌታ ንስሓና የኃጢአት ስርየት ከኢየሩሳሌም ጀምሮ እንዲሰበክ አዘዘ፤ በበዓለ ሃምሳም ጴጥሮስ «እናንተ ሰቀላችሁት» ብሎ ሲወቅሳቸው ልባቸው ተነክቶ ሦስት ሺህ የሚያህሉ ነፍሳት ተጠመቁ። ያለቀሰላት ከተማ የመጀመሪያዎቹን ምእመናን ሰጠች።

እንባው ግን ኃጢአትን በቸልታ ማለፍ አይደለም። ሉቃስ የጌታን ልቅሶ ከጻፈ በኋላ ወዲያውኑ የሚተርክልን ወደ መቅደስ ገብቶ ሻጮቹን እንዳስወጣ ነው። ማርቆስ ደግሞ እጁ የሰለለችውን ሰው በምኵራብ ሲፈውስ የነበረውን ሁኔታ ሲገልጽ፣ በሰንበት ይፈውስ እንደ ሆነ ሊከሱት የሚጠባበቁትን ሰዎች «ስለ ልባቸው ድንዛዜ እያዘነ» በቍጣ እንዳያቸው ይናገራል (3፥5)። ቍጣውና ኀዘኑ ያረፉት በእነዚያው ሰዎች ላይ፣ በአንዲት እይታ ውስጥ ነው። እኛ ስንቈጣ ብዙውን ጊዜ ለተቈጣነው ሰው ማዘን ያቅተናል፤ ስናዝን ደግሞ እውነቱን መናገር እንፈራለን።

ይህ ርኅራኄ በአዲስ ኪዳን የተጀመረ አይደለም። በነቢዩ ሆሴዕ ዘመን እስራኤል በኣሊም ለተባሉት ጣዖታት ይሠዋ ነበር፤ ፍርድም ይገባው ነበር። እግዚአብሔር ግን ኤፍሬም ብሎ የሚጠራውን ይህን ሕዝብ እጁን ይዞ መራመድ እንዳስተማረው ካስታወሰ በኋላ፣ «ኤፍሬም ሆይ፥ እንዴት እጥልሃለሁ? እንዴትስ እንደ አዳማ አደርግሃለሁ?» ይላል (11፥8)። አዳማና ሲባዮ ከሰዶምና ከገሞራ ጋር የጠፉ ከተሞች ናቸው። ምሕረቱ ለምን እንደ ተነሣሣ ሲናገር ደግሞ «እኔ አምላክ ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁምና» ይላል። ሰው ቢሆን ኖሮ ትዕግሥቱ ባለቀ ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን እንዳስተማሩን መለኮት እንደ ፍጡር በስሜት የሚናወጥ አይደለም፤ መጻሕፍት በእኛ ቋንቋ የነገሩን የማይለወጠውን ፍቅሩን ነው። በኋለኛው ዘመን ግን ቃል ሥጋ ሲሆን የሥጋን ገንዘብ ገንዘቡ አድርጎ በገዛ ዓይኖቹ አለቀሰ።

ታዲያ ዛሬ ምን ያሳዝነዋል? ብዙዎቻችን ታላላቅ ነውሮችን ብቻ እናስብ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ «ቅዱሱን የእግዚአብሔርን መንፈስ አታሳዝኑ» ብሎ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ (4፥30) ከፊትና ከኋላው የጠቀሳቸው ግን ውሸት፣ ስርቆት፣ ከአፍ የሚወጣ ክፉ ቃል፣ መራርነት፣ ጩኸትና መሳደብ ናቸው። ስለ ወደቀ ወንድማችን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመን የምናወራው ወሬም ከዚሁ ወገን ነው። በደሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ እርሱ አንዲት ሌሊት እንኳ ሳንጸልይ ነው የምናወራው።

ሳሙኤል እንዲህ አላደረገም። ሳኦል ትእዛዝ በተላለፈ ጊዜ ነቢዩ አስቀድሞ ሌሊቱን ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ማልዶም ተነሥቶ ሄደና ፍርዱን ምንም ሳያለዝብ ነገረው፤ ከዚያ በኋላም ያለቅስለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 15)። እግዚአብሔርም «እስከ መቼ ታለቅስለታለህ?» አለው፤ ቀንዱንም ዘይት ሞልቶ ወደ ቤተ ልሔም፣ ክርስቶስ በሥጋ ከዘሩ ወደሚወለድለት ወደ እሴይ ቤት እንዲሄድ ላከው።