ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ በወሎ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት

ተማሪዎች በአጭሩ «ኦኦፒ» የሚሉት ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም ፕሮግራምን መረጃንና ተግባርን አጣምረው በያዙ «ኦብጀክቶች» መገንባት፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ሳይንስና በተጓዳኝ ትምህርት ክፍሎች የሚሰጥ ኮርስ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ ክብደቱ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ)፣ የማስተማሪያ ቋንቋው ጃቫ ነው። አድቫንስድ ፕሮግራሚንግ፣ የሞባይል አፕ ልማትና የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ሁሉ በዚህ ኮርስ ላይ ስለሚገነቡ፣ እዚህ የተዝረከረከ ተማሪ እስከ ምረቃ ድረስ ሲቸገር ይታያል።

ተቋማቱ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛው ትውልድ 13 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመ ሲሆን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። የኮምፒውተር ነክ ትምህርቶቹ ማዕከል በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተከተለ፤ ቱሉ አውሊያ ላይ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የቅርቡ ነው። በ2013 ማብቂያና በ2014 መግቢያ ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ከዚያ ጉዳት ተነስተው ተማሪ መልሰው መቀበላቸውና ማስመረቃቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው። በቴክኒክና ሙያ በኩል ትምህርቱ አንድ የብቃት አሃድ ሆኖ ይሰጣል።

የአስተሳሰቡ ምንጭ

ክላስ (ንድፍ) እና ኦብጀክት (ከንድፉ የሚፈጠረው) የተባሉት ሐሳቦች መጀመሪያ የታዩት ኖርዌይ ውስጥ ኦለ-ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒውጎር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሠሩት ሲሙላ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጃቫ በሰን ማይክሮሲስተምስ በ1995 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ።

ከሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ጃቫ

ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት በሲ ፕላስ ፕላስ ጀምሮ እዚህ ጃቫ ይገጥመዋል። የሁለቱ ቋንቋዎች አጻጻፍ ስለሚመሳሰል ብዙዎች የለመዱትን ይዘው ይገባሉ፤ የኮርሱ ትልቁ ችግርም የሚነሳው ከዚሁ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ «ተማሪ» የሚል ክላስ ጽፎ በዚያ ዓይነት አንድ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ማወጅ በራሱ ኦብጀክቱን ይፈጥራል። በጃቫ ግን ማወጁ የሚፈጥረው መጠቆሚያ ብቻ ነው፤ ኦብጀክቱ የሚመጣው «ኒው» ሲባል ነው። አንዱን ቫሪያብል ለሌላው ስንሰጥ ሲ ፕላስ ፕላስ ኦብጀክቱን ይገለብጣል፤ ጃቫ ውስጥ ሁለቱም ስሞች ወደ አንድ ኦብጀክት ያመለክታሉ፣ በአንዱ በኩል የተቀየረው የተማሪው ውጤትም በሌላው በኩል ተቀይሮ ይገኛል።

የአምስት ተማሪዎች አሬይ (ተከታታይ ቦታዎች ያሉት ዝርዝር) ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። በጃቫ አሬዩ ሲፈጠር የሚገኘው አምስት ባዶ ቦታ ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው «ነል» ነው፣ ኦብጀክት የለም ማለት ነው። ተማሪው በቀጥታ የመጀመሪያውን ተማሪ ስም ሊያስገባ ሲሞክር ፕሮግራሙ «ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን» ብሎ ይቆማል። መፍትሔው በሉፕ (በሚደጋገም ትእዛዝ) ውስጥ ለእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ኦብጀክት መፍጠር ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሰሌዳ ላይ መሳል ይሻላል፦ በግራ የቫሪያብሎቹ ሳጥኖች፣ በቀኝ ኦብጀክቶቹ፣ በመካከላቸው ቀስት። ተማሪው ራሱ ቀስቱን በወረቀት ሳይስል ወደ ኢንሄሪታንስ (አንድ ክላስ ሌላውን መውረሱ) መሻገር የለበትም።

ላብ ውስጥ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስቸግረው ኮዱ ሳይሆን አጫጫኑ ነው። ጄዲኬው (የጃቫ መሣሪያዎች ጥቅል) ተጭኖ ዊንዶውስ ትእዛዞችን የሚፈልግበት «ፓዝ» ካልተስተካከለ ኮማንድ ፕሮምፕቱ «ጃቫሲ» የሚለውን ኮዱን ኮምፓይል የሚያደርግ (ወደሚሠራ ቅርጽ የሚቀይር) ትእዛዝ አላውቀውም ይላል። የክላሱ ስምና የፋይሉ ስም በአንድ ፊደል ትልቅና ትንሽነት እንኳ ከተለያዩ «ፐብሊክ» የሆነው ክላስ ኮምፓይል አይደረግም። በአሮጌ ባለ 32 ቢት ማሽኖች ላይ ጄዲኬ 8ን ከኮድ መጻፊያው ኔትቢንስ 8.2 ጋር መጫን ይሠራል፤ ኔትቢንስ 8.2ን በአዲስ ጄዲኬ ላይ መጫን ግን ጊዜ ማባከን ነው። በአዲሶቹ የኔትቢንስ ቅጂዎች ደግሞ ፕሮጀክት ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው «ሜቨን» የተባለው የፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያ ነው። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ከኢንተርኔት ፋይል ስለሚያወርድ፣ ኔትወርክ በሌለበት ላብ መላው ክፍል ቀይ ጽሑፍ ላይ ይቆማል። «አንት» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስህተቶች በየዓመቱ የሚደጋገሙ ናቸው። ፓራሜትር (ሲጠራ የሚሰጠው ዋጋ) የማይቀበል ኮንስትራክተር (ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራ ኮድ) ላይ «ቮይድ» ከተጨመረ ኮምፓይለሩ እንደ ተራ ሜተድ (የክላሱ ተግባር) ይቆጥረዋል፤ ስህተት ሳያሳይ የተማሪው ስም «ነል»፣ የፈተና ውጤቱ 0 ሆኖ ይታተማል። የፓራሜትሩና የፊልዱ (ኦብጀክቱ የሚይዘው መረጃ) ስም አንድ ሆኖ ፊልዱን የሚለየው «ዚስ» ሲረሳም ውጤቱ ያው ነው፣ ፓራሜትሩ ዋጋውን መልሶ ለራሱ ይሰጣልና። ሁለት ስሞችን በድርብ እኩል ምልክት ማወዳደር አንዳንዴ ትክክል፣ አንዳንዴ ስህተት ይሰጣል፤ ይዘትን የሚያወዳድረው «ኢኩዋልስ» ነው። በስካነር «ኔክስት ኢንት» ዕድሜ ከተነበበ በኋላ «ኔክስት ላይን» ስም ሲጠብቅ ባዶ ይመልሳል፣ ኢንተር የተባለው ቁልፍ ገና አልተነበበምና። በመካከል አንድ ተጨማሪ «ኔክስት ላይን» ይገባል።

አማርኛ የሚጽፍ ተማሪ ሌላም ያጋጥመዋል። ጃቫ የግዕዝ ፊደልን በቫሪያብል ስምነት ይቀበላል፤ «ዋጋ» ብሎ መሰየም ይቻላል። ይሁን እንጂ ከጄዲኬ 18 በፊት ኮምፓይለሩ የዊንዶውስን ነባር ኢንኮዲንግ ስለሚከተል ጽሑፉ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይሆናል። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጦ ኮምፓይል ሲደረግም ይህንኑ ኢንኮዲንግ መጥቀስ ያስፈልጋል።

ኢንካፕሱሌሽንን በዘመን አቆጣጠር ማስተማር

ኢንካፕሱሌሽን የኦብጀክትን መረጃ ከውጭ በቀጥታ እንዳይነካ መጠበቅ ነው። ለዚህ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት የሚወዱት የባንክ ሒሳብ ምሳሌ መጥፎ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ተማሪ ግን የኢትዮጵያ ቀን ክላስ እጅግ ይበልጠዋል። ጃቫ ከራሱ ጋር የሂጅራን፣ የጃፓንንና የታይን አቆጣጠር ሲያቀርብ የኢትዮጵያን አላካተተም፤ ተማሪው የሚሠራው በእርግጥ የሌለ ነገር ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት «ፕራይቬት» (ከክላሱ ውጭ የማይደረስባቸው) ይሆናሉ። ኮንስትራክተሩ ወሩ ከ1 እስከ 13 መሆኑን፣ እስከ 12ኛው ወር ቀኑ ከ30 አለመብለጡን፣ ጳጉሜን ላይ ከ5 አለመብለጡን ያረጋግጣል። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ይፈቀዳል። መሞከሪያዎቹ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ማለፍ አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016፣ ጥቅምት 31 እና 0ኛ ወር መውደቅ አለባቸው።

ትምህርቱ የሚጠልቀው ሴተሮች (የፊልድ ዋጋ የሚቀይሩ ሜተዶች) ሲጨመሩ ነው። ኦብጀክቱ መስከረም 30 ላይ ሆኖ ወደ ጳጉሜን 3 እንዲሄድ ቢፈለግና ወሩ ቀድሞ ቢቀየር፣ ጳጉሜን 30 ስለማይኖር ውድቅ ይሆናል። ሲመለስ ደግሞ ቀኑ ቀድሞ ቢቀየር ጳጉሜን 30 ዳግም ይመጣል። በሁሉም ሁኔታ የሚሠራ አንድ የሴተር ቅደም ተከተል የለም። ተማሪው ይህን በእጁ ሲያገኘው ለእያንዳንዱ ፊልድ ጌተር (ዋጋውን የሚመልስ ሜተድ) እና ሴተር መደርደር ኢንካፕሱሌሽን አለመሆኑ ይገባዋል፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ወይም አዲስ ኦብጀክት መፍጠር ይመርጣል።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። «ላስት ኔም» የሚል ፊልድ የቤተሰብ ስም ላለው አገር የተሠራ ነው፤ እዚህ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ይቀመጣሉ።

ኢንሄሪታንስና ፖሊሞርፊዝም

ለኮምቦልቻ ተማሪ የፋብሪካ ደመወዝ ቅርብ ምሳሌ ነው። «ሠራተኛ» አብስትራክት ክላስ (በቀጥታ ኦብጀክት የማይፈጠርበት) ይሆናል፤ ቋሚና የቀን ሠራተኛ ይወርሱታል፣ ደመወዝ የሚያሰላውን ሜተድም እያንዳንዱ በራሱ ይጽፋል፤ አንድ ጥሪ እንደ ኦብጀክቱ ዓይነት በተለያየ መንገድ መሥራቱ ፖሊሞርፊዝም ነው። ቋሚው ላይ 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል፣ የቀን ሠራተኛው በሠራባቸው ቀናት ይባዛል። የወላጁ ኮንስትራክተር ፓራሜትር የሚቀበል ብቻ ከሆነ ልጁ በኮንስትራክተሩ ውስጥ «ሱፐር» ብሎ ካልጠራው ኮምፓይል አያልፍም። የወላጁ ሜተድ አብስትራክት ካልሆነ ደግሞ ስሙ ልጁ ላይ በአንድ ፊደል ቢሳሳት አዲስ ሜተድ ተፈጥሮ ስህተቱ ይደበቃል፤ «ኦቨርራይድ» የሚለው ምልክት ግን ወዲያው ያጋልጠዋል።

ክርክሮች

በመጀመሪያው ሳምንት ኦብጀክት ይቅደም ወይስ ሉፕና ኢፍ የሚለው በዓለም ዙሪያ ያልተቋጨ ክርክር ነው፤ ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። ጃቫን በፓይተን መተካት ይገባል የሚሉም አሉ። ፓይተን ለጀማሪ ይቀላል፤ «ፕራይቬት»ን በኮምፓይለር ስለማያስከብር ግን ለዚህ ኮርስ ጃቫ ይሻላል። በኖትፓድ መጀመር አስፈላጊ ስለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በእጁ ኮምፓይል ያደረገ ተማሪ የኔትቢንስን ቀይ መስመር አንብቦ ይረዳል።

ምዘና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ኮርስ ያካትታል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ጥያቄዎቹ ምርጫ ስለሆኑ የኮድ ውጤት መገመትን መለማመድ ይጠቅማል፦ የወላጅ ዓይነት ቫሪያብል የልጅ ኦብጀክት ይዞ ሜተድ ሲጠራ የሚሠራው የልጁ ነው፣ ሜተዱ «ስታቲክ» (የኦብጀክቱ ሳይሆን የክላሱ) ከሆነ ግን የወላጁ። የቡድን ፕሮጀክት ከቀደመ ባች በፍላሽ ተላልፎ ሊመጣ ስለሚችል ኮዱን ብቻ አይቶ ማረም አይበቃም። እያንዳንዱ አባል ተራ በተራ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ በ10 ደቂቃ ውስጥ አንድ ደንብ ይጨምራል፤ ለምሳሌ በደመወዙ ፕሮግራም ላይ የኮንትራት ሠራተኛን። ነባሮቹን ክላሶች ሳይነካ አዲስ ክላስ ብቻ ጽፎ ከጨመረ ፖሊሞርፊዝም ገብቶታል፤ ዋናው ክላስ ውስጥ ሌላ «ኢፍ» ከደረበ ግን ነጥቡ የሚቀነሰው እዚህ ላይ ነው።