ፍጥነት ሲጨምር የሚጠፋው ድምፅ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን ሹፌሮች ሲገናኙ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቀስ ስል ያፏጫል፣ ፍጥነት ስጨምር ዝም ይላል። ተበላሸ እንዴ?»

አልተበላሸም። ድምፁ የሞተሩ አይደለም፤ ለእግረኛ ተብሎ ከተገጠመ ስፒከር የሚወጣ ነው።

ጠባሴ አካባቢ በገበያ ቀን አንድ አባት አህያቸውን እየነዱ ይሄዳሉ እንበል። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውሃል። አንተ በሰዓት በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትከተላለህ። ድምፁ ባይኖር መምጣትህን በምን ያውቃሉ? ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ፍጥነት ጨምረህ ስትወርድ ግን የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ብቻውን ይበቃል። ለዚህ ነው የሚጠፋው።

የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 ድምፁ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስና ወደ ኋላ ሲነዳ እንዲሰማ ይላል። በ10 ኪሎ ሜትር ቢያንስ 50 ዴሲቤል መሆን አለበት፤ ይህ እንደ ረጋ ያለ ወሬ ነው፣ ጩኸት አይደለም። አውሮፓ ከሐምሌ 2021 (በፈረንጆች) ጀምሮ ለአዲስ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) መኪና ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። አሜሪካ ድምፁ መሰማት ያለበት እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ የጎረቤትህ መኪና ከአንተ ዘግይቶ ዝም ቢል አይግረምህ።

የድምፁ ዓይነት እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው እንደ መዘምራን ያዜማል (እኔ ፉጨቱ ይሻለኛል)። ቆሞ ሳለ ዝም የሚልም፣ የማይልም አለ።

ውስጥ ለሹፌሩ ብቻ የሚሰማው «ቩውም» ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ለስሜት ነው፤ ብታጠፋው እግረኛውን አይነካውም።