የጓሮ ቲማቲምን የሚጎዳ እንክብካቤ

ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በየጓሮው የቲማቲም ችግኝ ይተከላል። ችግኙን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቸልተኝነት ሳይሆን በቅን ልብ የሚደረግ የተሳሳተ እንክብካቤ ነው።

«ዩሪያ ሲበዛ ፍሬ ይበዛል» የሚለው ከሁሉ ይብሳል። አምና የአንዲት ጎረቤቴ ቲማቲም ከአጥሩ በላይ ለምልሞ አበባው ግን ይረግፍ ነበር። «በየሳምንቱ ዩሪያ እሰጠዋለሁ፤ ምን አጎደልሁበት?» አሉኝ። «እትዬ፣ አብዝተውበት ነው እንጂ አላጎደሉበትም» አልኋቸው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ጉልበቱን ቅጠል ላይ ያፈሳል። ለጓሮ ሲተከል በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ሲቋጠሩ ደግሞ ጥቂት ጭማሪ ይበቃል። እበት ከሆነ ወራት ቆይቶ ይብሰል፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። አመድ ለጎጃም አሲዳማ አፈር በጥቂቱ ይጠቅማል፤ ከዩሪያ ጋር ከተደባለቀ ግን ናይትሮጅኑ በጋዝ መልክ ይበናል።

«ቅጠሉ ካልተመለመለ ፍሬው አይቀላም» የሚሉም አሉ። ቅጠል የተክሉ ማድቤት ነው፤ ፍሬውን የሚያጣፍጠው ስኳር የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ፍሬ ለመቅላት ተስማሚ ሙቀት እንጂ ፀሐይ በቀጥታ እንዲያርፍበት አያስፈልገውም። ጥላውን ሲያጣ እንዲያውም የቀትር ፀሐይ ነጭ ጠባሳ ያወጣበታል። አፈር የሚነካው የታችኛው ቅጠል ግን ይነሣል፤ ውኃ ከአፈር እየረጨ በሽታ የሚያወጣው በእርሱ በኩል ነውና። ሥራው ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ ይሁን፤ ትምባሆ የነካ እጅ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

«በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ የሚወጣ ቡቃያ ሁሉ ይነቀል» የሚለው ምክር ለሁሉም ዝርያ አይሠራም። እንደ መኒሜከር ያለው ረጅም ዝርያ በባላ ታስሮ ሲያድግ ቡቃያውን ገና ለጋ ሳለ በጣት መቆንጠጥ ይጠቅመዋል። ሮማ የሚባለው ዝርያ ግን ቁመቱ ውስን ነው፤ ብዙውን ፍሬ የሚሸከመው በእነዚያው ቅርንጫፎች ስለሆነ እነርሱን መንቀል ምርቱን መንቀል ነው።

የፍሬው ታች ጠቁሮ ሲሰረጉድ ደግሞ ብዙዎች ተባይ መስሏቸው መድኃኒት ይረጫሉ። ችግሩ ካልሲየም ለፍሬው በበቂ አለመድረሱ ነው፤ ዋናው ምክንያትም አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሳምንት ሙሉ ማስጠማት ነው። ሥሩን በጤፍ ገለባ ጎዝጉዞ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በልኩ ማጠጣት ከቀጣዮቹ ፍሬዎች ጀምሮ ለውጡን ያሳያል።