በአንቴናና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት

ራዶም አንቴናን ከዝናብ፣ ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከነፋስ የሚከልል ሽፋን ነው። ስሙ ራዳርና ዶም (ጉልላት) ከሚሉት ሁለት ቃላት የተዳቀለ ነው። ብረት የራዲዮ ሞገድን ስለሚመልስ ራዶም በአብዛኛው ከፋይበርግላስ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ለዓይን ተራ ክዳን ይምሰል እንጂ፣ እሱም ሆነ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ የአንቴናው አካል ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከነጸብራቅ ነው። ሞገድ ከአየር ወደ ፕላስቲክ ሲገባ ጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለስና ከአንቴናው የብረት ጀርባ ላይ ነጥሮ እንደገና ይወጣል። ዘግይቶ የወጣው ከቀደመው ጋር እኩል ከረገጠ ያግዘዋል፤ ከተጣረሰ ያዳክመዋል። ክፍተቱ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ሲያህል ደርሶ መልሱ አንድ ሙሉ ሞገድ ስለሚሆን ሁለቱ ይገጥማሉ። በ77 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የመኪና ራዳር ሞገዱ 3.9 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ወይም የዚያ ብዜት ይደረጋል። እዚህ ግማሽ ሚሊሜትር መሳት፣ በደርሶ መልስ ሲታሰብ፣ የሞገዱን ሩብ መሳት ነው። ሞገዱ 33 ሳንቲ ሜትር በሆነበት በ900 ሜጋኸርዝ ግን ያው ስህተት ከቁም ነገር አይገባም።

የሽፋኑ ውፍረትም በዚሁ ስሌት ይወሰናል። ሞገድ በፕላስቲክ ውስጥ ስለሚያጥር፣ ለዚሁ ራዳር 1.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፖሊካርቦኔት ከፊትና ከኋላ ገጹ የሚነሡትን ነጸብራቆች እርስ በርስ ያጣፋቸዋል። ይህ ሁሉ ልክ ግን በቀጥታ ፊት ለፊት ለሚሄድ ሞገድ ነው፤ ወደ ጎን ሲያዘነብል መንገዱ ይለወጣል። ሰፊ ማዕዘን የሚቃኝ ራዳር ንድፍ የሚከብደው በዚህ ነው።

ሽፋኑ ኤሌመንቱን (ሞገዱን የሚያወጣውን የአንቴናውን ክፍል) ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ አንቴናው የሚያስተጋባበት ድግግሞሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንቴናን ራቁቱን ለክቶ ክዳኑን በኋላ መግጠም ትልቅ ስህተት ነው፤ ልኬቱ ከነሽፋኑ መሆን አለበት።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ሄይስታክ የተባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ 37 ሜትር ስፋት ያለውን የሳህን አንቴና 46 ሜትር በሆነ ጉልላት ውስጥ አስቀምጧል። በዚያ ርቀት የግማሽ ሞገድ ስሌት ትርጉም የለውም፤ እዚያ የሚያሳስበው ጉልላቱን የሚሸከሙት የብረት ዘንጎች የሚጥሉት ጥላ ነው።

በደንብ የተለካ ሽፋንም ከፋብሪካ እንደወጣ አይቆይም። ስስ የውሃ ንጣፍ እንኳ ከፕላስቲኩ እጅግ የበለጠ ያንጸባርቃል፤ በመሆኑም ብዙ ራዶሞች ውሃ በማያስይዝ ቅባት ይለበጣሉ። ከግጭት በኋላ ስቱኮ ተለስኖ፣ የብረት ብናኝ ያለበት ቀለም ተደርቦ የተቀባ ፓራውልትም ከጀርባው ላለው ራዳር የቀድሞው ሽፋን አይደለም።