«ልጄ ከክፍሉ አጭር ነው አሉኝ»፦ የተማሪዎችን አካል ብቃትና ዕድገት ስለ መለካት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ሚዛንና ሜትር ይዞ ክፍል የገባ ቀን ወሬው ማታ ቤት ይደርሳል። «እገሌ 40 ፑሽአፕ ሠራ»፣ «ወፍራም ነሽ ተባልኩ»፣ «ከሁሉም አጭር እኔ ነኝ»። ደሴም ኮምቦልቻም ያው ነው። መለካቱ ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቁጥሩን ከምን ጋር እንደምናስተያየው ስንስት ነው። ከወላጅ፣ ከተማሪ፣ አንዳንዴም ከመምህር አፍ የሚሰሙትን እነሆ።

«የእኛ ልጅ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ነው የሚማር፤ መለካት ምን ያደርግለታል?»

ደሴ ላይ ይሄን የማይል የለም። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተነስቶ ፒያሳ ድረስ ደብተር ይዞ የሚመላለስ ልጅ ለልቡና ለእግሩ ጥሩ ሥራ እየሠራ ነው፤ ይሄ አያከራክርም። ግን አካል ብቃት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የልብና የሳንባ ብርታት አለ፣ የጡንቻ ጥንካሬ አለ፣ የመተጣጠፍ ችሎታ አለ፣ የሰውነት የስብና የጡንቻ ድርሻም አለ። ዳገቱን እየሮጠ የሚወጣው ልጅ መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ጣቱን ንካ ሲሉት ጉልበቱ ላይ ሲቀር ታያላችሁ። በዚያ ላይ ስንቱ ልጅ ነው ዛሬ በባጃጅ የሚመላለሰው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጠንከር ያለና ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንዲሠሩ ይመክራል። ከጓደኛ ጋር እየተጫወቱ ቀስ ብሎ መውረድ እዚህ ውስጥ አይገባም።

«ቢ.ኤም.አይ. ከ18.5 በታች ከሆነ ልጁ ከስቷል ማለት ነው»

ይሄኛው ብዙ ሰው የሚያሳስት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ቢ.ኤም.አይ. ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት ቁጥር ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው፦ ክብደት በኪሎ፣ ሲካፈል ለቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ። ሐሳቡን ያመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ግን በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። 18.5 እና 25 የሚባሉት ወሰኖች የአዋቂ ወሰኖች ናቸው። ስልክ ላይ ያለው ማስያ ብዙ ጊዜ እነዚህን ነው የሚያወጣው።

አንድ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ እናስብ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ35፣ ክብደቱ 30 ኪሎ። ስሌቱ 16.5 አካባቢ ይመጣል። በአዋቂ ወሰን ከሄድን «ከሲታ» ነው፣ እናቱም ቅቤና አጥሚት ታበዛበታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ባወጣው ሰንጠረዥ ግን ልጁ መሐል ላይ ነው ያለው። እንዲያውም በዚያ ሰንጠረዥ ለ10 ዓመት ወንድ ልጅ 18.5 አካባቢ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚጀምርበት ጫፍ ነው! ለአዋቂው የክሳት ድንበር የሆነው ቁጥር ለልጁ የውፍረት ድንበር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሜና ጾታ ያልተጻፈበት ቢ.ኤም.አይ. ለልጅ ምንም አይናገርም። ተጽፎበትም ቢሆን ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ የሚጠቁመው ጠለቅ ያለ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ ነው።

«ዕድሜው በግምት ይበቃል»

አይበቃም። ሰንጠረዦቹ የሚቆጥሩት በወር ነው። እኛ ጋ ደግሞ ጣጣው የሚጀምረው ከዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጥር 2006 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ ጥር 2018 ላይ 12 ዓመቱ ነው። መዝጋቢው 2006ን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ቢያስገባው ልጁ 20 ዓመት ሞላው፤ ከሰንጠረዡም ወጣ። ይሄ ስሕተት ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል። የማይያዘው የወራት ስሕተት ነው። «የጥምቀት ማግሥት ተወለደ» ያለች እናት ቀኑን ነገረችን፣ ዓመቱ ብቻ ይቀረናል። «የመውሊድ ሰሞን» ያለች ግን ዓመቱ በደንብ ካልታወቀ ወሩም አይታወቅም፤ መውሊድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ይመጣልና። በወሎ ቤት ሁለቱንም መልስ ትሰማላችሁ። የልደት ወይም የክትባት ካርድ ካለ እሱን ማየት ነው። ለውድድር ተብሎ የተቀነሰ ዕድሜማ ልኬቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል።

«ሴቶቹ ረዘሙ፣ ወንዶቹ ቀነጨሩ»

6ኛ ወይም 7ኛ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሴቶች በፍጥነት የሚመዘዙት 12 ዓመት ግድም ነው፣ ወንዶች 14 ግድም። ወንዱ በዚያ የፍጥነት ጊዜው በዓመት 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። በዚህ መሐል ሁለት የ13 ዓመት ወንዶች ጎን ለጎን ቢቆሙ አንዱ ጢም ሊያበቅል የደረሰ፣ ሌላው ገና ሕፃን ፊት ያለው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። የጎረመሰው ሩቅ ይዘላል፣ ኳስ አርቆ ይመታል፤ መምህሩም «ተሰጥኦ አለው» ብሎ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ይመርጠዋል። ትንሹ «ሰነፍ» ተብሎ ሜዳ ዳር ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀረው ቢበልጠውስ?

መቀንጨር የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ በቂ ምግብ ሳያገኙ በመቆየት ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በታች ሲቀር ነው። የሚጀምረው በአብዛኛው ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ «ከክፍል ጓደኞቹ እኩል ነው» የሚለው ማጽናኛም ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ክፍሉ በሙሉ አጭር ሊሆን ይችላል። ለወላጅ የሚጠቅመው የአንድ ቀን ቁመት ሳይሆን የዓመቱ ጭማሪ ነው። ጉርምስና ያልጀመረ ተማሪ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ግድም ያድጋል። ከ4 በታች ከሆነ ሐኪም ይየው።

«ቁመት መለካት ማን ያቅተዋል?»

ጫማ ይወልቃል። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን ይነካሉ፣ ዓይን ፊት ለፊት ያያል፣ አገጭ ሽቅብ አይልም። አናት ላይ የሚያርፈው ነገር ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው መሆን አለበት፤ መምህሩ መዳፉን ጣል አድርጎ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ከጫረ ተሳስቷል። አናት ላይ የተቋጠረ ሹሩባ ይፈታል ወይም ወደ ጎን ይደረጋል። ጠዋት የተለካ ልጅ ማታ ከሚለካው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ቀኑን ሙሉ የጀርባ አጥንት ስለሚጫን። ልጁ በስድስት ወር የሚጨምረው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ መስከረም ላይ ጠዋት ለክቶ መጋቢት ላይ ከሰዓት መለካት የዕድገቱን ሢሶ ይበላዋል። ሴት ተማሪዎችን ሌላ ክፍል ውስጥ ሴት መምህር ብትለካቸው ሒጃብና ሹሩባ ጭቅጭቅ አይሆኑም።

«በሹትል ራን ሰንጠረዡ ላይ ዝቅ ካለ ደካማ ነው»

በ20 ሜትር ርቀት በተሰመሩ ሁለት መስመሮች መሐል የድምፅ ምልክት እየተከተሉ መመላለስ ነው፤ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ በሉክ ሌዤና ባልደረባው የተዘጋጀ ነው። ከኢንተርኔት የምናወርዳቸው የንጽጽር ሰንጠረዦች በአብዛኛው ቆላ አገር ከሮጡ ልጆች የተሰበሰቡ ናቸው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በግምት 1 ከመቶ ይቀንሳል፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ የተሻለ ይቋቋመዋል እንጂ ቅናሹ ሙሉ በሙሉ አይቀርለትም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ አየሩ ይሻላል፣ ሙቀቱ ግን የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ጠጠር ያለበት ሜዳ ላይ ዞሮ መነሣትም ሲሚንቶ ላይ እንደ መዞር አይደለም። እኔ የሚታየኝ የደሴውን ከኮምቦልቻው ማስተያየት ትርፉ ፉክክር ብቻ ነው። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ልጅ ከባለፈው ሴሚስተር ውጤቱ ጋር ማየት ይበልጣል።

እንደ 2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም የሚገጥሙበት ጊዜ ደግሞ አለ። ጾሞ የዋለን ልጅ ከሰዓት በኋላ እስኪዝል ማስሮጥ ልኬት አይባልም፤ ቀኑ ይለወጥ።

«40 ፑሽአፕ የሠራ ይበልጣል»

ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ ነው? ወገቡስ ቀጥ ብሏል? በተለመደው ፈተና በየ3 ሴኮንዱ አንድ ነው የሚሠራው። በዚህ ልክ ሲቆጠር ያ 40 ብዙ ጊዜ 15 ላይ ይቆማል።

«ክብደት ማንሳት ያሳጥራል፣ ቅርጫት ኳስ ያስረዝማል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለዕድሜው በተመጠነ ክብደትና በአሠልጣኝ ዓይን ሥር የሚሠራ የጥንካሬ ልምምድ ዕድገት አያቆምም። ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ረጃጅም የሆኑት ረጃጅሞች ስለተመረጡ ነው። የጉርምስና ጊዜ ሲመጣ በዘር የተወሰነውና የተበላው ምግብ ሥራቸውን ይሠራሉ።

«ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ልጆች ይበረታሉ»

የሚበረቱት ቀድሞም ከላይ ያሉት ናቸው። የክብደት ቁጥር የልጁና የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ምክንያት የለም። ወላጅ መምህሩን ሲያገኝ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የልደት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ተመዘገበ፣ የተለካው መቼና በስንት ሰዓት ነው፣ ከዚህ በፊት የነበረው ቁጥር ስንት ነበር። ሦስተኛው ከሌለ ዘንድሮ የተጻፈው ደብተር ላይ ይቀመጥና ለመጪው ዓመት መነሻ ይሁን።