የራስ ቅል የተሸከመው የእሳት እራት፦ ወሬውና እውነቱ

ጀርባው ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለው ትልቅ የእሳት እራት አለ። በሳይንስ ስሙ አኬሮንሺያ አትሮፖስ ይባላል። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 13 ሳ.ሜ. ይደርሳል። እንዲህ ያለ መልክ ይዞ ወሬ አይጠፋበትም።

«የሞት መልእክተኛ ነው።» አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የተወራው ይኼ ነው። እንደ እውነቱ ምልክቱ ቀለም ብቻ ነው። እራቱ አይናደፍም፣ አይነክስም።

«ድምፁ የክንፉ ነው።» ሲነኩት እንደ አይጥ ሲጥ ይላል። ይህ ግን ከአፉ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ አየር ወደ ጉሮሮው ስቦ መልሶ ያስወጣል።

«እንደ ዘመዶቹ አበባ ቀሳሚ ነው።» እሱ እንኳን ዋናው ሙያው ሌብነት ነው። ብዙዎቹ ዘመዶቹ ረጅም መምጠጫ ሲኖራቸው የሱ አጭርና ጠንካራ ነው። ማታ ቀፎ ይገባል፣ የማር እንጀራውን ይበሳል፣ ማሩን ይመጥጣል። ንቦቹ ዝም የሚሉት ፈርተው አይደለም። ጨለማ ውስጥ የሚተዋወቁት በጠረን ነው፤ የሱ ሰውነት ደግሞ የነሱን የሚመስል ሽታ አለው። ሁሌ ግን አይሳካለትም። የነቁበት ቀን እዚያው ይገድሉታል። ቀፎ ቢኖረኝ ከሱ ይልቅ ጉንዳን ነው የሚያስጨንቀኝ።

«የጥቅጥቅ ጫካ ፍጥረት ነው።» የሚወደው ፀሐያማና ገላጣ ቦታ፣ በተለይም የእርሻ ዳር ነው። አባጨጓሬው የድንች፣ የቲማቲም፣ የትምባሆና የአውጥ ቅጠል ይበላል። እስከ 12 ሳ.ሜ. ይረዝማል፤ ጭራው ላይ ቀንድ አለው። ቀንዱ አይወጋም፣ ገላውም የሚያሳክክ ጸጉር የለውም። ሲጠግብ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ እራትነት ይለወጣል።

«የአውሮፓ ነው።» ቤቱ አፍሪካ ነው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ይኖራል። አውሮፓ የሚታየው በየዓመቱ ወደዚያ ስለሚሰደድ ነው። ከአልፕስ ተራሮች በስተሰሜን ያለውን የክረምት ብርድ አይችለውም።

«ነፋስ ነው የሚወስደው።» በ2022 የታተመ ጥናት ይህን አፍርሶታል። ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ እራቶቹ ላይ ጥቃቅን የሬዲዮ ማሰራጫ ለጥፈው በትንሽ አውሮፕላን ተከተሏቸው። አንዱን ወደ 90 ኪ.ሜ. ያህል ተከትለውታል። ነፋሱ ሲገፋቸው እንኳ አቅጣጫቸውን እያስተካከሉ ወደ አልፕስ ቀጥ ብለው በረሩ።