ስለ ቦ 105 ሄሊኮፕተር በስህተት የሚወራው እና እውነታው

የሄሊኮፕተር ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው ኤክስፐርት ነው፣ እኔም ስለ ቦ 105 ማንበብ እስክጀምር ድረስ ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ለማታውቋት፣ ጀርመን ሰራሽ ናት፣ "ቦ" የሚለው ቦልኮቭ ከሚባለው የሰራት ኩባንያ ስም የመጣ ነው፣ ሙኒክ አጠገብ ኦቶብሩን ላይ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1967 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ፓይለቱን ጨምሮ 5 ሰው ትይዛለች፣ ከነሙሉ ጭነቷ ክብደቷ ሲበዛ 2,500 ኪሎ ገደማ ነው።

"ሁለት ሞተር ካላት አንዱ የላዩን ሮተር (የሚሽከረከረውን ክንፍ)፣ ሌላኛው የጭራውን ያዞራል"

አይደለም። ሁለቱም ሞተሮች ጉልበታቸውን የሚሰጡት ለአንድ ጊርቦክስ ነው፣ የጭራው ሮተርም ከዛው ነው የሚነዳው። በመሃል ፍሪዊል አለ፣ ሳይክል ላይ ፔዳል መምታት ስታቆም ጎማው መዞሩን እንደሚቀጥለው ማለት ነው፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሮተሩን አይዝም፣ ሌላኛው ብቻውን ያዞረዋል።

"እሺ አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንደነበረው ይቀጥላል"

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያረፈ ይመስለናል እንጂ ብዙ ጉልበት ከሚበላው ስራ አንዱ እሱ ነው፣ መጠነኛ ፍጥነት ይዞ ወደፊት ሲሄድ ይቀለዋል። ስለዚህ ጭነት ያላት ቦ 105 በአንድ ሞተር ወደፊት እየበረረች ማረፊያ ልትፈልግ ትችላለች፣ በተለይ ሙቀት ባለበትና ከፍታ ላይ ግን ባለችበት ቀጥ ብላ ቁሚ ብትላት አቅም ያጥራታል። ሁለቱም ቢጠፉስ? ያኔም እንደ ድንጋይ አትወድቅም፣ ፓይለቱ ቶሎ ብሎ የብሌዶቹን (የሮተሩን ክንፎች) ዘዌ ይቀንሳል፣ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው አየር ሮተሩን እያዞረው ይወርዳል፣ መሬት ሊደርስ ሲል ዘዌውን መልሶ ይጨምርና በተጠራቀመው መሽከርከር አወራረዱን ያለዝበዋል። አንድ እድል ብቻ ነው ያለው፣ ግን እድል ነው።

"ሄሊኮፕተር ተገልብጦ መብረር አይችልም፣ ቪዲዮው ፌክ ነው"

ሬድ ቡል በቦ 105 ሉፕ (አየር ላይ ተገልብጦ ክብ መዞር) ሲሰራ ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። እውነት ነው እንጂ ፌክ አይደለም፣ ሚስጥሩም የሮተሩ ራስ፣ ማለትም ብሌዶቹ የሚያያዙበት ቦታ ላይ ነው። አብዛኛው የድሮ ሄሊኮፕተር ብሌዶቹ ወደላይና ወደታች እንዲወዛወዙ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ነገር ነበረው። ቦ 105 ያን ማጠፊያ አወጣችው፣ የሮተሩ ራስ ከታይታኒየም የተሰራ ጠንካራ ነገር ነው፣ አራቱ ብሌዶች ደግሞ በመስታወት ክር ከተጠናከረ ፕላስቲክ (ፋይበርግላስ) ስለተሰሩ ራሳቸው ይታጠፋሉ። የቀረው መሽከርከሪያ ብሌዱን ዘዌ ለማስቀየር ብቻ ነው። ውጤቱ ምንድነው፣ ፓይለቱ መሪውን ነካ ሲያደርግ የሄሊኮፕተሯ አካል ወዲያው ይከተላል። ሁለት ብሌድ ያለው ሚዛን መሰል ሮተር ግን አካሉ ከስሩ እንደ ፔንዱለም የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ክብደቱ በአየር ላይ ከቀለለ ሮተሩ ራሱ የቆመበትን ዘንግ ሊመታ ይችላል። እና አዎ፣ የሚሰሩት ለዚህ የሰለጠኑ ፓይለቶች ናቸው፣ ቦ 105 ያገኘ ሁሉ ይገለብጣታል ማለት አይደለም።

"መጀመሪያ ለጦር ተሰርታ ኋላ ነው ለሲቪል የተሰጠችው"

ብዙ ሄሊኮፕተር እንደዛ ስለሆነ ይመስለኛል። እሷ ግን በ1970 የሲቪል ፈቃድ አገኘች፣ በዛው ዓመት ኖቬምበር 1 ሙኒክ ላይ ክሪስቶፍ 1 ተብላ ህመምተኛ ማመላለስ ጀመረች። ጭራዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ከኋላ ያሉትን ሁለት በሮች ከፍተው ቃሬዛውን በጭራው ስር ቀጥ አድርገው ያስገቡታል፣ ከጎን እየጠመዘዙ መታገል የለም። የጀርመን ጦር ታንክ መምቻ አድርጎ የወሰዳት አስር ዓመት አካባቢ ቆይቶ ነው።

"ታንክ መምቻ ከሆነች ብረት ለበስ ናት"

ኧረ የት! በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 6 ሆት የሚባሉ ሚሳይሎች ተጭነውባት እንጂ አካሏ ያው ቀላሉ ነው። ሚሳይሉ በሽቦ ነው የሚመራው፣ 4 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ተኳሹ እስኪመታ ድረስ ኢላማውን እያየ መቆየት አለበት፣ ማነጣጠሪያውም ጣሪያዋ ላይ ነው። ስለዚህ መከላከያዋ መደበቅ ነበር፣ ዛፍ ጀርባ ዝቅ ብላ ጭንቅላቷን ብቻ ብቅ ማድረግ።

"አሁን አርጅታለች፣ ቀርታለች"

ምርቷ በ2001 ቆሟል፣ የጀርመን ጦርም በ2016 መጨረሻ ሸኝቷታል። ሮተሯ ግን አልቀረም፣ ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር በጋራ ወደተሰራችው ቢኬ 117 ተሻገረ፣ ከዛ ወደ ኢሲ 145፣ የአሜሪካ ጦር ከ2006 ጀምሮ ላኮታ ብሎ የተቀበላትም ይችው ለሲቪል የተሰራችው ኢሲ 145 ናት።